ዲሹን እንዳትለቀው

(ሳሎን። ግድግዳው ላይ አዲስ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ከሥሩ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሞኒተሩ የተቃጠለበት አሮጌ ኮምፒዩተር እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ታላቅ ወንድም “ሊቁ” ክንዱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አስገብቶ የኮምፒዩተሩን ገመድ ለመሰካት ይታገላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ታናሽየው “ፈዜ” አጠገቡ ቆሟል፤ የእሱንም ስም ያወጣው ሊቁ ነው። እናታቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።)

ሊቁ፦ አልገባም ካለ ገመዱ ተበላሽቷል ማለት ነው! አለቀ!

ፈዜ፦ ጋሼ፣ ገልብጠኸው እንዳይሆን?

ሊቁ፦ ገመድ ፊትና ጀርባ አለው እንዴ? ገመድ እኮ ነው፣ ሸሚዝ አይደለም።

ፈዜ፦ እሺ። (ተቀብሎ ያዞረዋል) ገባ።

ሊቁ፦ እኔ አላልቼልህ ነዋ!

ፈዜ፦ እግዜር ይስጥህ።

ሊቁ፦ አሁን እማዬ የእህታችንን የሠርግ ቪዲዮ እንደ ሲኒማ ቤት በሰፊው ታየዋለች።

ፈዜ፦ ማየቱ መቼ አስቸገራት? መስማቱ ነው እንጂ። አባዬ ሙሽሪትን ሲመርቅ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልሰማችም።

ሊቁ፦ ስንቴ አሳየኋት!

ፈዜ፦ ባሳየሃት ቁጥር አባዬ አፉን ሲከፍት አንተም ትከፍታለህ። “ይቺን መብራት ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ወንበር ያመጣሁት እኔ ነኝ...”

ሊቁ፦ ማብራሪያ ነዋ! ያለ ማብራሪያ ምን ይገባታል?

ፈዜ፦ የገዛ ባሏ ንግግር ነው ጋሼ፣ ያለ አስተርጓሚ ይገባታል። የሠርጉ ዕለት ጓዳ ጉድ ጉድ ስትል አመለጣት። አሁን ደግሞ እሱ የለም፣ ድገምልኝ አትለው ነገር።

ሊቁ፦ አታስለቅሰን በል። (ሪሞቱን ይጫናል። ስክሪኑ ላይ “ኖ ሲግናል” የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል) ይኸው! ችግሩ ታወቀ።

ፈዜ፦ ምን ሆኖ ነው?

ሊቁ፦ ሲግናል የለኝም እያለህ ነው። ሲግናል ከየት ነው የሚመጣው?

ፈዜ፦ ከ... ኮምፒዩተሩ?

ሊቁ፦ (በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ) ከዲሽ! ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ፈዜ፦ ቪዲዮው ያለው ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። ዲሹ የእህታችንን ሠርግ ከየት ያውቀዋል? ተጠርቶ ነበር እንዴ?

ሊቁ፦ ፌዝህን ተውና መሰላሉን ያዝልኝ።

(ሊቁ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ፈዜ ሳሎን ተመልሷል። በመስኮት ይጯጯኻሉ።)

ሊቁ፦ (ዲሹን እየገፋ) መጣ?

ፈዜ፦ አልመጣም!

ሊቁ፦ አሁንስ?

ፈዜ፦ ወይ ፍንክች!

ሊቁ፦ ደህና አድርገህ እያየህ ነው?

ፈዜ፦ ዓይኔን ተክዬ! እንዲያውም ጽሑፉ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምሯል። ሰልችቶት መሰለኝ።

ሊቁ፦ እየቀረበ ነው ማለት ነው!

(ፈዜ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋው ብሎ ሪሞቱ ላይ ሌላ ቁልፍ ይነካል። ዝርዝር ይወጣል። “ፒሲ” የሚለውን ሲመርጥ የኮምፒዩተሩ ገጽ ስክሪኑን ይሞላዋል።)

ሊቁ፦ አሁንስ? መጣ?

ፈዜ፦ ኧረ መጣ!

ሊቁ፦ አላልኩህም! (ዲሹን ለቆ ለራሱ ያጨበጭባል) እጅ ነው ይሄ? ወርቅ ነው እንጂ!

ፈዜ፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሪሞቱን...

ሊቁ፦ ሪሞቱን አስቀምጥ! አንተ የነካኸው ነገር መቼ በጎ ሆኖ ያውቃል? ልውረድና ቪዲዮውን አንድ በአንድ አብራራላችኋለሁ። የመብራቱን ነገር ደግሞ ዛሬ በሰፊው...

(ፈዜ እናቱን ያያል። እናቱ ፈዜን ያያሉ። ፈዜ ቁልፉን መልሶ ይጫናል። “ኖ ሲግናል።”)

ፈዜ፦ ጠፋ! ጋሼ፣ ድርግም አለ!

ሊቁ፦ እንዴ! ዲሹን ስለለቀቅኩት ነው?

ፈዜ፦ እስቲ ያዘው። (ይጫናል) መጣ! እስቲ ልቀቀው። (ይጫናል) ጠፋ!

ሊቁ፦ በቃ፣ እኔ ካልያዝኩት አይሠራም።

ፈዜ፦ ምን ይሻላል ታዲያ? አንተን ፀሐይ ላይ ገትረን እኛ ሶፋ ላይ ተንፈላሰን ስናይ... አንጀቴን በላኸው።

ሊቁ፦ ለእማዬ ስል እችለዋለሁ። ክፈተው!

(ፈዜ ቁልፉን ተጭኖ ቪዲዮውን ይከፍታል። ከኮምፒዩተሩ ጎን ያሉት አሮጌ ስፒከሮች ይንኮሻኮሹና የሠርጉ ጫጫታ ይሰማል።)

ሊቁ፦ ምን ላይ ደረሰ?

ፈዜ፦ አባዬ ሊመርቅ ተነሳ።

ሊቁ፦ እሱጋ ያለችውን መብራት ያስተካከልኩት...

ፈዜ፦ ጋሼ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ! ስታወራ ዲሹን ታነቃንቀዋለህ!

(ጣሪያው ላይ ጸጥታ። የአባታቸው ድምፅ ሳሎኑን ይሞላዋል። እናትየው ወደ ስፒከሮቹ ጠጋ ይላሉ።)

ሊቁ፦ (በመስኮቱ በኩል፣ በሹክሹክታ) ምን አለ?

ፈዜ፦ (ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ) “ይቺን ልጅ ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ አሁንም ጓዳ ናት። እኔ ሳወራ፣ እሷ ስትሠራ ኖርን። ዛሬ እኔ ዝም ልበልና እሷን አመስግኑልኝ” አለ።

ሊቁ፦ እንዲህ ብሏል? አልሰማሁትም እኮ!

ፈዜ፦ አንተ እያወራህ ማን ይሰማል?

ሊቁ፦ እማዬስ?

ፈዜ፦ ታለቅሳለች። ትስቃለችም።

ሊቁ፦ (ድንገት) ፈዜ! ኧረ ጉድ ነው!

ፈዜ፦ ምነው?

ሊቁ፦ የዲሹ ገመድ ተነቅሎ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል! ጫፉ ዝጓል፣ ከተነቀለ ከርሟል!

ፈዜ፦ (እናቱን በፍርሃት እያየ) እና?

ሊቁ፦ እናማ፣ ዲሹ ምንም አይሠራም! ታዲያ ሲግናሉ በምን... (የዛገውን ጫፍ አገላብጦ ያያል። ከዚያ በደስታ) ገባኝ! በእኔ ነዋ የሚያልፈው! በሰውነቴ!

ፈዜ፦ እኔም ጠርጥሬ ነበር።

ሊቁ፦ ለእማዬ ንገራት! “ያለ እሱ ይሄ ቤት ጨለማ ነው” በላት!

ፈዜ፦ ነገርኳት!

ሊቁ፦ ምን አለች?

ፈዜ፦ ከመጀመሪያው ድገምልኝ አለች!

ሊቁ፦ ስለ እኔስ?

ፈዜ፦ (ወደ ደጅ እየወጣ) ስለ አንተማ፣ መሰላሉን አንሳው አለች።