የሐጂ ጉዮ ወዳጅ

ሁልጊዜ ለሌላ ሰው መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እዚህ ሞያሌ ሞልቷል። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ አውቃቸዋለሁ፤ እነሱ ታመው አያውቁም፤ የሚታመመው ምንጊዜም "አንድ ወዳጄ" ነው።

የግመል ደላላው ሐጂ ጉዮ ደግሞ ከሁሉም ባሱ። ስልካቸው ላይ ስለ አንድ ዝልግልግ የካንሰር መድኃኒት አዩ፤ በመርፌ እጢው ውስጥ ገብቶ ይረጋል፣ ሲያሞቁት ካንሰሩን እየጠበሰ የያዘውን መድኃኒት ይለቃል። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃታቸው። ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ከበር ይመለሳሉ።

"ዳክታሪ፣ መጣ?" ይሉኛል፤ ዶክተር ማለታቸው ነው።

"ሐጂ፣ ገና ምርምር ላይ ነው። ለማን ነው?"

"ቦሪ መንደር ላለ አንድ ወዳጄ።"

"ሆስፒታል ሄዶ ይታይ እንጂ።"

"ይፈራል።"

ደላላ የግመሉን ባለቤት ስም መቼ ይናገራል? ትናንት ግን ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ እጄ ላይ ጣል አደረጉ። ግመል ገበያ ላይ ዋጋ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፤ ሰው እንዳያይ፣ ከጨርቅ ስር፣ በጣት። ምን ሊከራከሩኝ ነው ስል፣ ጣቶቼን ስበው ብብታቸው ስር ካለ ጠጣር እብጠት ላይ አሳረፏቸው።

"ወዳጄ ይኸውልህ" አሉ።

ሱቁን ዘጋሁ።

"ይነሡ ሐጂ፣ ሆስፒታል እንሂድ፤ የዛሬው ደላላ እኔ ነኝ።"