ሊቀ ሣጥን እና ድምፅ አልባዎቹ ታንኮች

በየቤተሰቡ ኮምፒውተሩ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚጠቀም አንድ ሰው አለ። የለንም የምትሉ ካላችሁ ገና እህታችሁን አልዳራችሁም ማለት ነው። ይህ ሰው ሠርግ ላይ ይሁን ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ፣ ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበትን ምስኪን ከሩቅ ያሸትተዋል። ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጥና፣ “ቫይረስ ነው አይደል? እኔ እኮ ቫይረስ ካየሁ ስንት ዘመኔ!” ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም።

የእኛ ቤት ድርሻ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ሥራቸው መነጽር መሥራት ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ሊቀ ሣጥን ይባላል። የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ይገባቸዋል። ሺህ ጊዜ እንዳስረዱን፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ ሊኑክስ ላይ በፈቃዱ አይነሳም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኮንቴይነር የሚሉትን ሣጥን ይሠሩለታል። የለመደው ፋይል ሁሉ በለመደበት ቦታ፣ እንደ ድሮው ሆኖ ይቀመጥለታል። “እቤቱ ያለ ይመስለዋል” ይላሉ፣ ጨዋታው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከቤቱ መውጣቱን አያውቅም።”

ሌላው ታላቅ ቃላቸው “ይሠራል!” ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ሲቀር፣ “ይሠራል፣ ትንሽ ነው የቀረው።” የጨዋታው መኪና ያለ ጎማ ሲንሳፈፍ፣ “መሥራቱንማ ይሠራል።” አንድ ጊዜ የኳስ ጨዋታ ከፈቱልን፤ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ፊት አልነበራቸውም። ስንስቅባቸው፣ “ኳስ የሚመታው በእግር ነው በፊት?” ብለው ተቆጡን። ማታውን ፊቱን አስተካክላለሁ ሲሉ ደግሞ የሜዳው ሣር ጠፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሊቀ ሣጥን አይጫወቱም። ጨዋታው ሲነሳላቸው የመጀመሪያውን ገጽ በኩራት ያያሉ፣ “አየህ?” ይሉኛል፣ ይዘጉታል። እህቴ፣ “ምግብ አብስሎ ሳይቀምስ ድስት የሚያጥብ ሰው” ትላቸው ነበር።

ትላቸው ነበር ማለቴ፣ ዘንድሮ ቀልድ ትታለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጆቿን ታበላለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን የሷ አይደለም። እህቴን ያጣኋት መሰለኝ፤ ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ሊቀ ሣጥንም ግራ ገብቷቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ግራ ሲገባቸው ሣጥን ይሠራሉ።

የእናታችንን ቤት ስናጸዳ ከአልጋ ሥር አንድ የተቧጨረ ሲዲ ተገኘ። ልጆች ሆነን፣ ኮሪደሩ ላይ በነበረው ኮምፒውተር ስንጫወተው ያደግነው የሁለት ታንኮች ጨዋታ ነው። በአንድ ኪቦርድ እሷ በቀስቶቹ፣ እኔ በፊደሎቹ፣ በክርን እየተገፋፋን። እህቴ አየት አድርጋው ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች። ሊቀ ሣጥን ግን ሲዲውን በመነጽር መወልወያ ጨርቅ ጠርገው ኪሳቸው ከተቱት።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ፣ እህቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ጠሩኝ። ታንኮቹ ተነሥተዋል፤ ያው አረንጓዴው፣ ያው ቀዩ።

“ድምፁ ነው ያለፋኝ” አሉ። “ሌላው ወዲያው ሠራ፤ ድምፁ ግን ስንቱን ሣጥን አስፈረሰኝ! ስማ እስቲ!” አንዷን ቁልፍ ሲጫኑ ቤቱ በፍንዳታ ተናጋ።

“ጋሼ፣ ይሄ ጨዋታ ድምፅ ነበረው እንዴ?” አልኩ።

“እኔን ትጠይቀኛለህ? ስትጫወቱት ያደጋችሁት እናንተ!”

“እማዬ እኮ ‘ራሴን አመማችሁኝ’ ብላ ስፒከሩን ነቅላ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበት ነበር። የታንኩን ድምፅ በአፏ የምታወጣው እህቴ ነበረች።”

ሊቀ ሣጥን መነጽራቸውን አወለቁ።

“በአፏ?” አሉ። “እኔ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።”

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እህቴን ጎትተው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧት። “ኧረ ተወኝ፣ ዕቃ አላጠብኩም” እያለች ጣቶቿን ቀስቶቹ ላይ አሳረፈች። እኔም አጠገቧ ፊደሎቼን ያዝኩ። የሷ ታንክ ተኮሰ። ምንም አልተሰማም።

“ድምፅ የለውም?” አለች ዞር ብላ።

ያ ሰውዬ፣ (ከዚህ በኋላ አንቱ ማለቱ አልሆንልህ ብሎኛል) ያ በሕይወቱ “አይሠራም” የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ “ድምፁ ሊኑክስ ላይ አይሠራም” አላት።

እህቴ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና ተኮሰች፤ “ድው!” አለች፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ። በክርኔ ገፋኋት። በክርኗ መለሰችልኝ። “ድው! ድሽሽሽ! ጓ!” እያለች ግድግዳዬን ስታፈርሰው ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ወደ በሩ ዞራ፣ “ኧረ ቀስ፣ እማዬ ትሰማናለች!” አለች። ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። የራሷ ሳቅ ነበር። መተኮሷን ግን አላቆመችም።

እሱ በሩን ተደግፎ ያዳምጣታል። “አየህ?” አላለኝም፤ ሊዘጋውም አልመጣም።