አየሩ ጸጥ እስኪል

ተራ ጠባቂ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። «ቅደሙ፣ ቅደሙ» ሲል ሊፍቱ ያመልጠዋል፤ ስብሰባ ላይ እጁን ላውጣ አላውጣ ሲል ስብሰባው ይበተናል። የእኛው ክቡር ተራ ጠባቂ ግን ጨዋነታቸውን ሙያ ያደረጉ ሰው ናቸው።

ሥራቸው ገመድ አልባ ኔትወርክ ነው። ብዙ መሣሪያዎች በአንድ አየር ሲነጋገሩ ማን መቼ ይናገር የሚለውን ሲያነጻጽሩ ይውላሉ። አንደኛው ዘዴ እንደመጣ መናገር ነው፤ ሁለት መልእክት ከተጋጨ ሁለቱም ይጠፋሉ። ይሄንን «ባለጌው» ይሉታል። ሌላው ለሁሉም ተራ ማደል ነው፤ የሚናገረው የሌለው ሰው ተራ ግን በከንቱ ያልፋል። የሚወዱት ሦስተኛውን ነው፤ አዳምጦ፣ አየሩ ጸጥ ሲል መናገር።

ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ አቧራውን ስታበራው፣ እስክሪብቶ እንደያዙ በሐሳብ ጭልጥ ይላሉ። ያኔ አየሩ ውስጥ የሰው ሁሉ ያልተነገረ ቃል ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ ይታያቸዋል። የራሳቸውም እዚያው አለ። ቤት ሲገቡ እህቶቻቸው ባንዴ ያወራሉ፤ እሳቸው ጸጥታ ሲጠብቁ ሳህኑ ይነሳል።

«ወንድምዬ፣ ዛሬም ትንፍሽ አላልክም እኮ!»

«አየሩ ተይዞ ነበር።»

ያ ያልተነገረው ቃላቸው ግን ለእህቶቻቸው አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ለምትቀመጠው የመለኪያ ባለሙያ ነው። ጉዱ ደግሞ እሷም አዳማጭ መሆኗ ነው።

«እኔ የምልሽ...»

«እኔ የምልህ...»

«ቀጥይ።»

«ኧረ አንተ ቀጥል።»

ሁለቱም እኩል ጠብቀው እኩል ይጀምራሉ፤ እንደገና ግጭት! ከተጋጩ በኋላ እኩል የሚጠብቁ መሣሪያዎች መቼም አይግባቡም ብለው የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለራስ ሲሆን ማን ያነባል?

አንድ ቀን ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ተዛወረች ተባለ። በሽኝቷ ዕለት ክፍሉ ጢም አለ፤ አለቃው ንግግር ያደርጋል፣ ሒሳብ ሹሟ ትቀልዳለች፣ ሌሎቻችንም አልሰነፍንም። ክቡርነታቸው ጥግ ይዘው ጸጥታ ይጠብቃሉ። ጫጫታው ወይ ፍንክች! ሹፌሩ በበሩ ብቅ ብሎ «እንሂድ፣ መሸብን» አለ። እሷ ቦርሳዋን አነሳች። ዛሬ ካልተናገሩ ነገ የሚሰማቸው ባዶ ወንበር ነው።

አለቃው «በመሥሪያ ቤታችን ስም...» ከማለቱ ክቡርነታቸው እላዩ ላይ ጮኹ።

«አትሂጂብኝ!»

ባለጌው ዘዴ! ያውም በእሳቸው አፍ!

ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ጸጥታ ያኔ መጣ። እሳቸው ግን ላብ በላብ ሆነው ወለሉን ያያሉ። እሷ ቦርሳዋን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከአለቃችን ጋር ተጋጭቶብኛል» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እስቲ ድገመው።»

ስንስቅባቸው የኖርን ሁሉ፣ አለቃው ሳይቀር፣ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን አየሩን ለቀቅንላቸው።