ምንባብ አይነበብም

ተሳታፊዎች፦
እማማ ማልሱን፦ የሰባ ሦስት ዓመት አዛውንት። በሞክፖ ወደብ ዓሣ ገበያ ውስጥ ሾርባና ኪምቺ የሚባለውን በበርበሬ የተቦካ ጎመን ይሸጣሉ። በአዛውንቶች ትምህርት ቤት ተምረው ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ።
ቴዩን፦ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት። ያንኑ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ይቀመጣል። ምሳውን እየበላ እማማ ማልሱንን እንግሊዝኛ ያስጠናል።

(በምሳ ሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ። ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቷል።)

ቴዩን፦ (ሳህኑን በሁለት ጣቱ እየገፋ) ያንሱልኝ! በሕግ አምላክ ያንሱልኝ!

እማማ ማልሱን፦ ምነው? ዝንብ ገባበት?

ቴዩን፦ ዝንብ ቢገባበት ይሻል ነበር! የባሕር አረም ሾርባ እኮ ነው!

እማማ ማልሱን፦ ታዲያስ? እናትህ አንተን የወለደች ለታ ምን በልታ የተነሣች ይመስልሃል?

ቴዩን፦ እናቴ ወለደች እንጂ አልተፈተነች! ስምንት ቀን ለቀረው ተፈታኝ ከፈተናው እንዲያንሸራትተው የሚያሙለጨልጭ ነገር ይሰጣል? ገበያተኛው ቢያይ ምቀኛ ነዎት ነው የሚልዎ።

እማማ ማልሱን፦ አምና በፈተናው ሰሞን የባሕር አረም በልተህ ነበር?

ቴዩን፦ እንኳን ልበላው፣ ባለበት አላለፍኩም! ጠዋት ማታ የሚያጣብቅ የሩዝ ኬክ ነበር የምበላው። ከዩኒቨርሲቲው እንዲያጣብቀኝ።

እማማ ማልሱን፦ አንጀትህን አጣበቀው እንጂ ከዩኒቨርሲቲው መች አጣበቀህ። ካቻምናስ?

ቴዩን፦ ካቻምናም ኬክ ነው።

እማማ ማልሱን፦ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ኬክ እየበላህ ወደ...

ቴዩን፦ ያንን ቃል አይጥሩብኝ!

እማማ ማልሱን፦ የቱን? "ወደቅክ" የሚለውን?

ቴዩን፦ (ጆሮውን ይዞ) ጠሩት! "አልተሳካም" ይባላል፣ "ለሚቀጥለው" ይባላል፣ ስንት ጨዋ ቃል እያለ! (በክርኑ የመብያ እንጨቱን ከጠረጴዛው ላይ ይገፈትረዋል።)

እማማ ማልሱን፦ ልጄ፣ የመብያ እንጨትህ ወደ... ወለል ሄደ።

ቴዩን፦ አመሰግናለሁ።

እማማ ማልሱን፦ (ሾርባውን ወደ ሰማያዊው ድስት መልሰው ከቴዩን ጀርባ ካለው ምድጃ ላይ ይጥዱታል።) በል አነሣሁልህ። አሁን አስጠናኝ።

ቴዩን፦ በባዶ ሆዴ? ሌላ ምን አለ?

እማማ ማልሱን፦ መጀመሪያ አስጠናኝ፣ ሌላው ይደርሳል። ትናንት የሰጠኸኝን የንቦቹን ምንባብ ከንጋት ጀምሬ አነበብኩት።

ቴዩን፦ ከንጋት ጀምሮ? አንድ ምንባብ?

እማማ ማልሱን፦ መጨረሻው አላማረኝም። እኔ የምልህ፣ ንቦቹ ሰውየውን ምን አድርገውት ነው?

ቴዩን፦ የቱን ሰውዬ?

እማማ ማልሱን፦ ተመራማሪ ነኝ የሚለውን! ንቦቹ አበባ ሊቀስሙ ሲወጡ ጠብቆ ቀፏቸውን ተሸክሞ ወሰደዋ! ድሆቹ ደክሟቸው ሲመለሱ ቤት የለም። የቆመበት ቦታ ላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። እሱ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል! እናት የለውም?

ቴዩን፦ እማማ፣ በምንባብ አይናደዱ። ምንባብ ላይ የተናደደ ሰው ሁለት ደቂቃ ያጣል።

እማማ ማልሱን፦ እሺ፣ አልናደድም። ለመሆኑ ቤታቸውን አገኙት?

ቴዩን፦ መልሱ አራት ነው።

እማማ ማልሱን፦ ንቦቹ ቤታቸው ገቡ ወይ ነው የምልህ!

ቴዩን፦ አራት ነው አልኩዎ እኮ!

እማማ ማልሱን፦ አንተ ልጅ፣ ይህን ምንባብ ስንት ጊዜ ሠራኸው?

ቴዩን፦ ሦስት ዓመት ሙሉ። ሦስት መቶውንም ምንባብ ከነትርጉሙ በቃሌ ይዣለሁ። የመጀመሪያዋን ቃል ሳይ መልሱ እንደ ማስነጠስ ይመጣል።

እማማ ማልሱን፦ ንቦቹ ግን የት እንደደረሱ አታውቅም።

ቴዩን፦ ንቦቹ አይፈተኑም፣ እማማ! የምፈተነው እኔ ነኝ! ዩኒቨርሲቲው ለመርከብ ሞተር ትምህርት ተቀብሎኛል። እንግሊዝኛ ብቻ ከዘጠኙ ደረጃ ሁለተኛውን አምጣ ብሎኛል። ካላመጣሁ አባቴ ከአጎቴ ጋር ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ይጭነኛል። እኔ ደግሞ ባሕር ገና ሳየው ያጥወለውለኛል።

እማማ ማልሱን፦ ባሕር የሚያጥወለውለው የመርከብ ሞተር ሊማር?

ቴዩን፦ ሞተር የሚፈታው የብስ ላይ ነው! ይተዉት፣ ወደ ጥናታችን። (ሰዓት ቆጣሪውን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል።) ከማዳመጡ ፈተና ቀጥሎ ሃያ ስምንት የንባብ ጥያቄ አለ። ደቂቃው አርባ አምስት ቢሆን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው?

እማማ ማልሱን፦ ቶሎ ቶሎ ማንበብ።

ቴዩን፦ አለማንበብ! ምንባብ አይነበብም። ምንባብ የተቀመጠው እንደ እርስዎ ያለውን የዋህ ሰው ሰዓት እንዲበላ ነው። እርስዎ "ይሁን እንጂ" የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ይፈልጉ። መልሱ ሁልጊዜ ከሷ ቀጥሎ ነው።

እማማ ማልሱን፦ ከሷ በፊት ያለውስ?

ቴዩን፦ ወሬ ነው።

እማማ ማልሱን፦ ከሷ በኋላ እስከ መጨረሻው ያለውስ?

ቴዩን፦ ድግግሞሽ። መጨረሻውን የሚያነብ ሥራ ፈት ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ የሰው ስም ካዩ ይሰርዙት። ስም አይጠየቅም። ዮሐንስም ሆነ ጴጥሮስ ምን አገባዎ? እንዲህ! (ከፊቱ ባለው ወረቀት ላይ ሦስት ስም አከታትሎ በእስክሪብቶ ይሰርዛል።)

እማማ ማልሱን፦ እኔን የእገሌ እናት ሳይል በስሜ የጠራኝ ሰው ያገኘሁት ስልሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ትምህርት ቤት ስገባ ነው፣ አንተ ስም ትሰርዛለህ።

ቴዩን፦ ሦስተኛው ሕግ፣ ምንም ካላወቁ ሦስት ቁጥርን ይምረጡ። ሦስት ታማኝ ናት።

እማማ ማልሱን፦ አምና ታማኝ ነበረች?

ቴዩን፦ አምና... ትንሽ ከድታኛለች። እንቀጥል! ይህ ጥያቄ ደግሞ ከምንባቡ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ወጥቷል፣ ቦታዋን ፈልጉ ይላል።

እማማ ማልሱን፦ ለምን አወጧት? ደህና ተቀምጣ አልነበር?

ቴዩን፦ ሊፈትኑን ነዋ! ይኸኛው ደግሞ ከምንባቡ ጋር የማትሄደውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አውጡ ይላል።

እማማ ማልሱን፦ ማን አስገባት?

ቴዩን፦ እነሱው።

እማማ ማልሱን፦ አንዷን አውጥተው መልሱ ይሉናል፣ አንዷን አስገብተው አውጡ ይሉናል። ይኸኛውስ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው የበታተኑት?

ቴዩን፦ ቅደም ተከተል ማስያዝ ነው።

እማማ ማልሱን፦ የበተነ ይልቀም! እኔ ዓሣ ስበትን ማንን ልቀሙ አልኩ? ተማሩ የተባሉ ሰዎች ናቸው ይህን የሚሠሩት?

ቴዩን፦ ፕሮፌሰሮች ናቸው። ፈተናውን እስኪጨርሱ አንድ ወር ተቆልፎባቸው ነው የሚያወጡት።

እማማ ማልሱን፦ አበጁ። ባይቆለፍባቸው ምን ሊሠሩ ነበር!

ቴዩን፦ (ሳቁን ዋጥ አድርጎ) እማማ፣ ከልቤ ነው የምነግርዎ፤ በዚህ አያያዝዎ ሃያ ስምንቱን ጥያቄ ሲጨርሱ የሚቀጥለው ዓመት ፈተና ይደርሳል። ማንበብ ይተዉ!

እማማ ማልሱን፦ ስማኝ ልጄ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁት ወንድሞቼ እንዲማሩ ተብሎ ነው። ስልሳ ዓመት የአውቶቡስ ቁጥር ሰው እየጠየቅሁ ነው የሄድኩት። አሁን ማንበብ ስችል አታንብቢ ትለኛለህ? አላደርገውም። ደስ ይለኛል፣ አነባለሁ።

ቴዩን፦ እሺ፣ እሺ፣ አይቆጡ። ምሳው ግን ደረሰ?

እማማ ማልሱን፦ ሊደርስ ነው። አንድ ወረቀት ቀርቷል። (ከመሳቢያው አንድ ገጽ ያወጣሉ። ከግርጌው በእርሳስ አንድ ነገር ይጨምራሉ።)

ቴዩን፦ ምን ይጽፋሉ?

እማማ ማልሱን፦ ትንሽ ነገር ቀርቶት ነው። አስተማሪያችን የሰጠን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንተስ በስንት ደቂቃ ትመልሰዋለህ?

ቴዩን፦ ደቂቃ? በሴኮንድ ይቁጠሩ! (ሰዓት ቆጣሪውን ጫን፣ ወረቀቱን ነጠቅ ያደርጋል።) "በገበያችን ውስጥ" ብሎ ይጀምራል። አሃ! ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ምንባብ! ስለ ዋጋ ነው። መልሱ ሦስት!

እማማ ማልሱን፦ ጥያቄውን አየኸው?

ቴዩን፦ ምን ያደርግልኛል! ሦስት! ስምንት ሴኮንድ!

እማማ ማልሱን፦ እስቲ ለእኔ ለማይገባኝ አስረዳኝ። ሕጎቹን ይዘህ።

ቴዩን፦ ይመልከቱ። ስም፣ (ሳያየው ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን ይሰርዛል) ሄደ። "ይሁን እንጂ" የት አለች? ይቻት። "ይሁን እንጂ ይህ ልጅ አያነብም። መጀመሪያውን አይቶ ዐወቅሁት ይላል።" (ይስቃል።) አዩ? ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው። ስለ አንድ ደነዝ ነው።

እማማ ማልሱን፦ ደነዝ ነው ትላለህ?

ቴዩን፦ የለየለት! ሳያነብ ዐወቅሁ የሚል ሰው ምን ይባላል?

እማማ ማልሱን፦ እንደው ግን ልጅ ነው፣ አያሳዝንም?

ቴዩን፦ ምኑ ያሳዝናል? እንዲህ ያለው ከልጅ ልጁ ጋር ተቀምጦ ቢፈተንም አያልፍም! ቤተሰቦቹን ነው የማዝንላቸው።

እማማ ማልሱን፦ እኔም ለእሱ ፈርቼለት ነው የጻፍኩት።

ቴዩን፦ እንዴት... እርስዎ ነዎት የጻፉት?

እማማ ማልሱን፦ የምታውቁትን ሰው ጻፉ፣ እንደ ፈተናው ጥያቄ አውጡለት አለን አስተማሪው። (እስክሪብቶው የሰረዘውን ስም በጣታቸው እየጠቆሙ) ብርሃን ላይ አድርገህ እየው። ከሥሩ ይታያል።

ቴዩን፦ (ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያነሣል።) ...ቴዩን።

እማማ ማልሱን፦ በገዛ እጅህ ነው የሰረዝከው። በል አሁን ጥያቄውን አንብበው።

ቴዩን፦ (በዝግታ) "በምንባቡ ውስጥ ያለው ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እማማ ማልሱን፦ መልስህ ትክክል ነው፣ ሦስት ነው። ሦስትን አንብበው።

ቴዩን፦ "ሦስት። ሳያነብ... ሦስት የሚል።"

(ምድጃው ላይ ድስቱ ይንተከተካል።)

ቴዩን፦ እማማ፣ አዋረዱኝ።

እማማ ማልሱን፦ ያዋረድኩህ የመሰለህ መካከሉን ስለዘለልከው ነው። ከላይ ጀምር።

ቴዩን፦ (ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ ያነባል። ሰዓት ቆጣሪው ይጮኻል፣ አይሰማውም።) "በገበያችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ስሙ ቴዩን ነው። ክረምት ከበጋ ሳይሰለች ያስተምረኛል። እኔ ስሳሳት አይስቅብኝም፣ ሲስቅም ዞር ብሎ ነው።" ...እያወቁ ነበር?

እማማ ማልሱን፦ ቀጥል።

ቴዩን፦ "የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ፊደል ያስያዘኝ እሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ልጅ አያነብም። መጀመሪያውን አይቶ ዐወቅሁት ይላል። ሁለት ጊዜ የወደቀው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱን ፈርቶ ነው። ዘንድሮ እኔም እዚያው አዳራሽ እገባለሁ። እኔ ብወድቅ ሾርባዬ አለችኝ። እሱ ግን ቢወድቅብኝ አልችለውም።"

እማማ ማልሱን፦ ያን ቃል ጠራሁት፣ ይቅርታ። ሌላውን በእንግሊዝኛ አላውቀውም።

ቴዩን፦ (ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።) ይኼ የሽንኩርት ሽታ... ከግርጌ በእርሳስ የተጻፈው ምንድን ነው?

እማማ ማልሱን፦ ድግግሞሽ ነዋ። መጨረሻውን የሚያነብ ሥራ ፈት ነው።

ቴዩን፦ (ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ) "ሌላ ምሳ አልሠራሁም። ከጀርባው ባለው ሰማያዊ ድስት ውስጥ ያው የባሕር አረም ሾርባ አለ። እዚህ ድረስ ካነበበ ይብላ። እስከ መጨረሻው ያነበበ አይንሸራተትም።"

(ድስቱን ዞር ብሎ ያየዋል። እማማ ማልሱንን ያያቸዋል። ክዳኑን ይከፍታል፣ በጭልፋ ይቀዳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ፉት ይላል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ይበላል።)

እማማ ማልሱን፦ (ሰዓት ቆጣሪውን አንሥተው እያዩ) ወረቀቱን ከነጠቅከኝ ጀምሮ አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀብህ።

ቴዩን፦ (አፉ ሞልቶ) ለአንድ ምንባብ! አለቀልኝ!

እማማ ማልሱን፦ አይዞህ። እኔ የመጀመሪያ ለታ አንድ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ስምንት ቀን አለህ፣ ትደርስብኛለህ።

ቴዩን፦ (ሳህኑን እየዘረጋ) እሺ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ።

እማማ ማልሱን፦ (ሳህኑን ወደ ጎን አድርገው የንቦቹን ምንባብ ከፊቱ ያኖራሉ።) መጀመሪያ ንቦቹን ቤታቸው አስገባ።