የጠፋው ምሰሶ

ቀለም ሰው ያጣላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ መሬትና ውርስ ብቻ የሚያጣላ ይመስለኝ ነበር።

የልጄ የታደሰ ሳሎን ሰፊ ነው። ምን ያደርጋል፣ ልክ መሃሉ ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ተገትሮበታል። ቤቱን ሲያሠራ ፎቅ እጨምርበታለሁ ብሎ ያስቆመው ነው። ፎቁ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እግሩ ግን ቀድሞ ደርሶ ሳሎናችን ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቴሌቪዥን ማየት የፈለገ አንገቱን ማጣመም አለበት። ለምደነውም ነበር፤ የልጅ ልጄን ሩትን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይመጣል እስኪባል ድረስ።

ሩት የወደደችው ልጅ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። ጨዋ ልጅ ነው። እኔን ደግፎ ባጃጅ ውስጥ ሲያስገባኝ ብታዩት እናንተም ትድሩለት ነበር። አባቷ ግን አልጣመውም። «መጀመሪያ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትያዝ፤ ሲመጡ ሌላ ጊዜ ብዬ እመልሳቸዋለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገረን። ልጅቷ ምግብ አልወርድ አላት።

እንግዲህ ሽማግሌ ሊመልስ የቆረጠ ሰው ስለ ቀለም ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታደሰ ተጨነቀ። እምቢም ቢሆን በወጉ ነው፤ ይህን ምሰሶ አይተው ሲወጡ ይስቁብኛል አለ።

ከዚያማ ጦርነት ተነሳ። ምራቴ አስቴር ወርቃማ ይሁን አለች፤ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ አይታለች። ታደሰ ቡናማ አለ፤ እድፍ ይችላል። ሩት ስልኳን ከፍታ ግራጫ አሳየችን፤ የፈረንጅ ቤት ሁሉ ግራጫ ነው አለች። ፈረንጅስ ሳሎኑ መሃል ምሰሶ አለው ወይ አልኳት። እኔ? እኔ አረንጓዴ ነው ያልኩት። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ሻሽ አረንጓዴ ነዋ! ምሰሶው አራት ጎን፣ እኛም አራት ሰው። ሁላችንም በየጎናችን ቀብተን ስንሞክር፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ አጊጦ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ የሚወርድ ጎረምሳ መሰለ።

በመጨረሻ ቀለም ሻጩ ተጠርቶ መጣ። አንዴ ዞረውና «ግድግዳችሁ ክሬም አይደል? እሱንም ክሬም ቀቡት፣ ይጠፋል» አለ።

እውነትም ጠፋ!

ቀኑ ደረሰና ሦስት ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ግጥም አድርገው መጡ። ሩት እንደ ወጉ ጓዳ ናት። ታላቅየው አቶ ማርቆስ ተነስተው ጸሎት አደረጉ። አሜን አልን። ከዚያ ታደሰን ሊያቅፉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ… ጓ! ግንባራቸው ምሰሶው ላይ።

ሩት ወጉን ረስታ፣ ከፍሪጅ የቀዘቀዘ ለስላሳ ይዛ ሮጣ ወጣች። ጠርሙሱን እብጠቱ ላይ ያዘችላቸው። ሰውየው አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «አቶ ታደሰ፣ ሰው እምቢ የሚለው በአፉ ነው። እርስዎ በሲሚንቶ ነው እንዴ?» አሉት።

«ኧረ በጌታ! እምቢ ማን አለ?» አለ ልጄ፣ ላብ አጥምቆት።

«እንግዲያው እሺ ብለዋል» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ከሶፋው ሳይነሱ። «ሰማችሁ አይደል?»

ታደሰ ያቺን ሌላ ጊዜ የምትለዋን ቃል ትቶ ለአቶ ማርቆስ ወንበር ሳበላቸው። የእንግዳ ግንባር አሳብጦ ደግሞ ባዶ እጅዎን ይሂዱ ይባላል? እኔም ሐሳቡን ሳይለውጥ ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ልጆቼን ጉዳችሁን አትደብቁ፣ መውጣቱ አይቀርም እያልኩ ነው ያሳደግኩት። አሁን ምክሩን ትቼዋለሁ። ጉዳችንን አሳምረን ባንደብቀው ኖሮ ልጅቷን ማን ይድራት ነበር?

ትናንት ሦስት ሴት ልጆች ያሏት ጎረቤቴ ምሰሶውን ልታይ መጣች። ዞር ዞር ብላ ዳሰሰችው። የቀለሙን ዓይነት ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። የፈለገችው ሽማግሌው የቆሙት የት ጋ እንደነበር እንዳሳያት ብቻ ነው።