ሊቀ ነፋሳት ከፋለና የይማም ጨው

እግዜር ሰፈር ሲያከፋፍል ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ነገረኛና አንድ ሰማይ አዋቂ ሳይመድብ አላለፈም። ለእኛ የደረሱን ሰማይ አዋቂ ኣቦይ ከፋለ ናቸው። ሊቀ ነፋሳት የሚለውን ማዕረግ የሾምናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ለጸሐፊነት ከሸዋ መቀሌ የገባሁ ዕለት፣ ጓዜን እንኳ ሳላወርድ፣ አፍንጫቸውን ወደ ምሥራቅ ቀስረው፣ "ወደይ፣ ልጄ፣ ይህ ነፋስ የት ሰንብቶ እንደመጣ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

ትምህርታቸው አጭር ነው፤ ማስረዳቱ ነው የማያልቀው። ነፋስ የራሱ ጠባይ የለውም፣ የሰነበተበትን አገር ጠባይ ይወርሳል ባይ ናቸው። "አንድ ሌሊት አድሮ የሄደማ መንገደኛ ነው፣ ምን ይወርሳል! ሳምንት ሁለት ሳምንት የተኛው ግን፣ አፋር ጨው ሜዳ ላይ ከሆነ ደረቅና ግልፍተኛ ይሆናል። ባሕር ላይ ከሆነ ረጥቦ ከብዶ ይመጣል። ዐቀበታችንን ሲወጣ ደግሞ ይበርደውና ሸክሙን እኛ ላይ ይጥላል።" ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች የሚለውን ተረት ሰማይ ላይ የሰቀሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ችግሩ፣ ነፋሱን ቢያውቁትም ቀኑን አያውቁትም። በጎረቤታችን በሥዩም ልጅ ሠርግ በረዶ ሊወርድ ነው ብለው ሙሽሮቹን ከፍየሎቹ ጋር በረት አስገቡ፤ ፀሐይዋ የእንግዳውን አናት ስትበሳ ዋለች። "በመንገድ ሐሳቡን ቀየረ" አሉ፤ ነፋሱን ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ያየ ሁሉ መንገድ ይለውጣል። እኔም ሁለት ጊዜ አጥር ዘልያለሁ።

በጥር አንድ ጠዋት የወሎው ነጋዴ ይማም ጥሪቱን ሁሉ ጨው ገዝቶበት፣ ጨዉን ግቢው ውስጥ ቆልሎ፣ ወደ ቆቦ የሚጭኑለትን በቅሎዎች ይጠብቃል። ዝናብ ከነካው ይማም አለቀለት ማለት ነው። ሊቀ ነፋሳት ደረሱና አየሩን አሸተቱ።

"ይማም ሓወይ፣ ይህ ባሕር ላይ የሰነበተ ነው። ጨውህን አስገባ!"

"በጥር፣ ኣቦይ? ወላሂ ሰማዩ የታጠበ ሰሐን መስሏል። ደግሞስ የት ላስገባው? ቤቴ እኔንም የሚችለኝ በመከራ ነው።"

እዚያ የነበርን ጎረቤቶች ሁሉ ሳቅንባቸው። ሳያስረዱ ሄዱ፤ ይህ በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው። ሲመለሱ የሚተኙበትን ቁርበት ተሸክመው ነበርና ጨዉ ላይ ዘረጉት። አልበቃም። እንደገና ሄደው የቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጡ። በሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የእሳቸው ቤት ብቻ ነው፤ የሚኮሩበትም ነው። እያንዳንዱን ቆርቆሮ እየነቀሉ አወረዱት። እኔ ከታች ሆኜ እየሳቅሁ መሰላሉን ያዝኩላቸው። ቆርቆሮውን ወስደው ቁርበቱ ያልደረሰበትን ጨው ከደኑበት።

ከሰዓት በኋላ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ጀርባ ደመናው እየተግተለተለ መጣና ዝናቡ ወረደ። ከይማም ጨው የረጠበው ጥግ ጥጉ ብቻ ነው።

ልናመሰግናቸው ስንሄድ ሊቀ ነፋሳት ጣሪያ አልባው ቤታቸው ውስጥ፣ መደባቸው ላይ፣ እስከ ጢማቸው ርሰው ተቀምጠዋል። ዱቄታቸው ሊጥ ሆኗል። ይማም እጃቸውን ስሞ አለቀሰ፤ እኛ የሳቅነው ደግሞ የምንገባበት ጠፋን።

"ዐርፋችሁ ተቀመጡ" አሉ፣ "ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ።"

ውሃው ከግድግዳው ይንጠባጠባል፣ እግራችን ጭቃ ውስጥ ነው፤ እሳቸው እስኪጨርሱ ማንም አልተነሣም። እኒህን ሽማግሌ እንደምወዳቸው የታወቀኝ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። ያስረዱት ሁሉ ገብቶኛል። ቢሆንም ሌላው ሳይቀድመኝ፣ "ኣቦይ፣ እኔ አልገባኝም፤ እስቲ እንደገና ይንገሩኝ" አልኳቸው።