ስምንት ሰዓሊዎችን ያጠብኩ ዕለት

ከሹፌር እናት ይልቅ የፎቶ አንሺ እናት ታሳዝናለች! አትሳቁ፣ አስቤበት ነው የምናገረው። ሹፌር ወደ ኋላ ሲሄድ ቢያንስ መስታወት ያያል፤ ረዳቱም "ና፣ ና፣ በቃ!" ይለዋል። ፎቶ አንሺ ግን አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላው በቀዳዳ እያጮለቀች፣ "ትንሽ ብቻ... ትንሽ ብቻ..." እያለች ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከኋላዋ ቦይ ይሁን፣ ገደል ይሁን፣ የሰው በሬ ይሁን ጉዳይዋ አይደለም።

የእኔዋ ምህረት እንዲህ ናት። አምና ሙሽሮች ስታነሳ የድንኳን ገመድ ጠልፏት የወጥ ድስት ላይ ከመቀመጥ ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ከከተማ ወጣ ያለ ሥራ ሲኖራት አብሬያት እሄዳለሁ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ከኋላ የጃኬቷን ጫፍ መያዝ! ሰው ሲጠይቃት "ረዳቴ ናት" ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ፍሬኗ ነኝ።

እና ባለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የሥዕል ትምህርት ቤት አለች። ዳይሬክተሩ ምህረትን ጠርተው "ዘንድሮ የሚመረቁትን ስምንት ልጆች አንሺልን፤ ፎቷቸው በኤግዚቢሽኑ ላይ ከሥዕላቸው ጎን ይሰቀላል" አሏት። ካማራቸው የትምህርት ቤቱ ቋሚ ፎቶ አንሺ ትሆናለች። ካላማራቸው ከጅማ ሰው ያስመጣሉ። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ስታነሳ የኖረችው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ሰልችቷታል። ምሳ ላይ ቁጭ ብለን ምን ትለኛለች?

"እማ፣ ይሄ ካልተሳካልኝ አዲስ አበባ ሄጄ እሞክራለሁ።"

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። አዲስ አበባ! በዚያ ሁሉ መኪና መሃል፣ ወደ ኋላ እየሄደች! ጃኬቷን ማን ሊይዝላት?

ስለዚህ ሥራው እንዲሳካ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። በስለት ብቻ ብወሰን ጥሩ ነበር...

ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የጋሽ ሙስጠፋ የቡና ግቢ ነው። ጋሽ ሙስጠፋ አባታቸው ከጅማ መጥተው እዚሁ የከተሙ፣ ደግ ነጋዴ ናቸው። ጀንፈላቸው፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና ማለቴ ነው፣ ስድስት የማድረቂያ አልጋ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ምህረት ጥቁር የጀርባ ጨርቋን በሁለት ዘንግ ላይ ወጥራ ሰቀለችና "እማ፣ ልጆቹ ጋ ቆዪልኝ፤ እንዳይበታተኑ" ብላኝ፣ ብርሃን የሚመጣበትን አቅጣጫ ልታይ ከዳይሬክተሩ ጋር ወደ ጓሮ ሄደች።

ዞር ብዬ ልጆቹን አየኋቸው። ወይ አምላኬ! የአንዷ ጥፍር አረንጓዴ ነው። የአንዱ ሸሚዝ መልኩ አይታወቅም። ናትናኤል የሚባለው ረጅሙ ልጅማ ፀጉሩ ወፍ ያለ ጭንቀት እንቁላል የምትጥልበት ነው፤ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም! ይሄ እኮ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። እናቱ ልታየው ነው!

በእኛ ጊዜ ፎቶ እንዲህ አልነበረም። ኮት ከጎረቤት ተውሰን፣ ፊታችንን ቫዝሊን ቀብተን፣ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አስቀምጠን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንነሳው። እኔ አንዲት የልጅነት ፎቶ አለችኝ፤ ስድስተኛ ክፍልን ያለፍኩ ዕለት የተነሳኋት ናት። ትምህርቴም እዚያው ላይ ቆመ... ንጹህ ግን ነበርኩ!

እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር? የጋሽ ሙስጠፋን ቧንቧ ከፈትኩ። የልብስ ሳሙና ለመንኩ። ቀለሙ እምቢ ሲል ጋሽ ሙስጠፋ ላምባ በጠርሙስ አመጡልኝ።

"ማዘር፣ እኔ እኮ ሰዓሊ ነኝ!" አለ ናትናኤል።

"ሰዓሊ እናት የለውም? ክርንህን አምጣ!"

"ኧረ ማዘር፣ ይሄ የሦስት ዓመት ቀለም ነው!"

"ሦስት ዓመት አልታጠብኩም ነው የምትለኝ?!"

ሌሎቹ ሳቁበት። ተራቸው ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ከቦርሳዬ ማበጠሪያና ቫዝሊን አወጣሁ፤ መርፌና ክርም አለኝ፣ የረገፈ ቁልፍ ተከልኩ። ሁሉንም እስከ አንገታቸው ቆልፌ አግዳሚው ላይ በመስመር አስቀመጥኳቸው። እጅ ጉልበት ላይ! ጨረቃ መሰሉ።

ምህረትና ዳይሬክተሩ ተመለሱ።

"እማ..."

"አቤት፣ የኔ ልጅ!"

"እጃቸው የት ሄደ?"

"ይኸው! ለሁሉም ሁለት ሁለት!"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። "እኔ የምፈልገው ከሥራቸው ላይ ተነስተው የመጡ እንዲመስሉ ነበር፤ ቀለሙ እጃቸው ላይ እንዳለ" አሉ። "አሁን ባንክ ሊቀጠሩ ፈተና የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።"

ምህረት አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ። እኔ የምፈራው ዝም ስትል ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁት!

ቀለም ተፈልጎ መጣና ልጆቹ እንደገና ተቀቡ። ምን ዋጋ አለው! ናትናኤል ለልደት በዓል ፊቱ ላይ ድመት የተሳለበት ሕፃን መሰለ። ደግሞም አንዴ ጉልበት ላይ ያስቀመጥኩት እጅ የሚነሳ አልሆነም። ምህረት ሁለት ጊዜ አንስታ፣ አይታ፣ ሁለቱንም አጠፋች። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

"እንግዲህ ምህረት... ለጅማው ሰው ልደውል መሰለኝ።"

ይህን ጊዜ አፍንጫዬ ላይ ጠብ! የእኛ አገር ዝናብ እንደሆነ ወር አይጠይቅም።

"ቡናው!" ብለው ጮኹ ጋሽ ሙስጠፋ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ዝናብ ሲመጣ "ቡናው!" ከተባለ የማን ቡና ብሎ አይጠይቅም። ይሮጣል። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ብድግ ብሎ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ማንም አልታዘበውም። ስምንቱም ከአግዳሚው ተነሱ፤ እጃቸው ከጉልበታቸው ተላቀቀ! ዳይሬክተሩም ከነከረባታቸው ሮጡ። ላስቲክ ስንዘረጋ ንፋሱ ይነጥቀናል፤ ናትናኤል ጫፉ ላይ ተኛበት፤ ልጆቹ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተቱ ድንጋይ ያመጣሉ። አምስቱ አልጋ ተሸፈነ። ለስድስተኛው ላስቲክ አለቀ!

ዓይኔ ጥቁሩ የጀርባ ጨርቅ ላይ አረፈ። ምህረት ስንት ወር ጠብቃ ያስመጣችው፣ እኔን እንኳ በካውያ እንድተኩሰው የማታምነኝ ጨርቅ!

"ምህረት፣ ጨርቁ!"

"እማ!"

"ቡናው!"

ጨርቁን አየችው። ቡናውን አየችው። ከዚያ በገዛ እጇ ጎትታ አወረደችውና አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ዘረጋነው።

ዝናቡ እንዳመጣጡ ቶሎ ሄደ። ሁላችንም እስከ ክርናችን ጭቃ ነን፤ የዳይሬክተሩ ከረባት ትከሻቸው ላይ ወጥቷል፤ ናትናኤል ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ይዞ በሳቅ ይንከተከታል። ድንገት... ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ምህረት ካሜራዋን ከጃኬቷ ሥር አውጥታ ታነሳለች።

"ማንም እጁን እንዳይጠርግ!" ብላ ጮኸች። "ማንም" ትበል እንጂ የምታየው እኔን ነበር።

ጃኬቷን ልይዝ ስጠጋ "አይ እማ፣ አንቺም እዚያ ቁሚ" አለችኝ።

"እንዲህ ሆኜ?!"

"እንዲህ ሆነሽ!"

ጃኬቷን ናትናኤል ያዘልኝ።

ኤግዚቢሽኑ ባለፈው ሳምንት ተከፈተ። ስምንቱ ልጆች ከነጭቃቸው ተሰቅለዋል፤ ያምራሉ፣ ምን ልዋሽ! ዳይሬክተሩ ለጅማው ሰው አልደወሉም፤ ምህረትም አዲስ አበባን ረስታለች። በሩ አጠገብ ግን ዘጠነኛ ፎቶ አለ። እኔ ነኝ። ከጉንጬ እስከ ጆሮዬ ጭቃ!

ግራና ቀኝ አየሁ። መሐረቤን አወጣሁ፣ በምራቄ ነካ አደረግኩና የፎቶዬን መስታወት ጠረግኩ። አለቀቀም። ደገምኩት።

"እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"መስታወቱ ቆሽሿል።"

"እማ... ጭቃው እኮ አንቺ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ! ሰው እንዳያየው ብዬ እንጂ!"

ቀጭ! ይህንንም አነሳችው። ደግሞ አልበቃትም፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና "ትንሽ ብቻ... ትንሽ ብቻ..." እያለች ወደ ኋላ ሄደች። ከኋላዋ የእንግዶቹ ብርጭቆ የተደረደረበት ጠረጴዛ...

ጭቃዬን ለሕዝብ ትቼ ጃኬቷን ልይዝ ሮጥኩ።